ቁጭ አልልም ያለው አባዬ

ቪሽኔቫ፣ ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ራዲሻ ወንድምዬ፣

የአሁኑን እመነኝ። በጊዮርጊስ ይዤሃለሁ፣ ያለፈውን ሁሉ ተወውና የአሁኑን ብቻ እመነኝ። አውቃለሁ፣ ለገና አባዬ እግሩ ተሰበረ ብዬህ ነበር፣ አልተሰበረም፣ ናፍቀኸኝ ነው የዋሸሁት። ለፋሲካም አባዬ ሊሞት ነው ብዬህ ያን ሁሉ መንገድ ነድተህ ስትደርስ ጓሮ ቆሞ እሳት ላይ አሳማ ሲያገላብጥ አገኘኸው፣ የዚያን ቀን ፊትህን እስካሁን አልረሳሁትም። ስለዚህ ስልኬን አላነሳም ብትል አልፈርድብህም። ግን አሁን የምሬን ነው፣ አባዬ ሆዱን ተቀዷል፣ ዛሬ አስራ ሰባት ቀኑ ነው። ይሄን ደብዳቤ የሚሰጥህን ሹፌሩን ቶዛን ጠይቀው፣ ከሆስፒታል ቤት ያመጣን እሱ ነው፣ የሚኒባሱን የኋላ ወንበር ነቅሎ።

አትደንግጥ ግን፣ አሁን ይበላል፣ ይሳደባል። የፈራሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደፈራሁ በተራ ልጽፍልህ ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም፣ እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው።

ያቺ እምብርቱ ላይ የነበረችው እበጥ ትዝ ትልሃለች አይደል፣ እማዬ በነበረች ጊዜ ሎሚ የምታክለው፣ አባዬ "ሁለተኛዋ አፍንጫዬ" እያለ የሚያሾፍባት? እሷ ናት ጉድ የሠራችን። ሰኞ ጠዋት ጠጠረች፣ ጠቆረች፣ ያስመልሰው ጀመር። ለካ አንጀቱ እዚያ ውስጥ ገብቶ ታንቆ ኖሯል። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ስንት ኪሎ ነው አለችኝ፣ ለማደንዘዣው ብላ። እኔ መቶ አርባ ስምንት አልኳት። ከየት አወቅሽ ስትለኝ ከአሳማ ሚዛን አልኳት፣ እውነቴን ነው፣ መስከረም ላይ ከሰው ተወራርዶ ወጥቶበት ነበር። ነርሷ ወደ ግድግዳ ዞራ ሳቀች። አባዬ እዚያ እያቃሰተ፣ "ጫማዬን አድርጌ ነበር" አለ።

ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ። ስሜን እንኳ አጣምሜ።

ከኦፕራሲዮን ከወጣ በኋላ ሐኪሟ አስቀምጣ ታስረዳኝ ጀመር፣ እሺ እሺ አልኩ እንጂ ምንም አልገባኝም። አፍሬ ልሄድ ነበር። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ሮጬ ደረስኩባትና እንደገና ንገሪኝ አልኳት፣ እሷም ለትንሽ ልጅ እንደሚነገር አድርጋ ነገረችኝ። ስብ ውስጥ ደም እንደልብ አይደርስም፣ ስለዚህ የወፍራም ሰው ቁስል ቶሎ አይገጥምም፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ያመረቅዛል። በጀርባው ሲተኛ ደግሞ ሆዱ ሳንባውን ይጫነውና ሳንባው እስከ ታች አይከፈትም፣ የሳንባ ምች የሚገባው በዚያ ነው። ዝም ብሎ ከተኛ እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ከገባ አለቀ። ስለዚህ ይነሳ፣ ይራመድ፣ በቀን አሥር ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ። "ነውር የለበትም፣ ልጄ" አለችኝ። "ለቀጭኑም መነሳት ጥሩ ነው፣ ላባትሽ ግን የሞት ሽረት ነው።"

አንተ ደግሞ ቤታችንን ታውቀዋለህ። ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ይተኛል፣ ይበላል፣ መስኮት ይዘጋበታል። የክርስትና እናታችን ዴሳንካ ገና ከመግባቷ መስኮቱን ዘጋች፣ ነፋስ ቁስሉን እንዳይመታው። ሐኪሟ አየር ይግባለት ብላለች ስላት የማን ልጅ ናት እሷ አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ እከፍታለሁ፣ እሷ ትዘጋለች። አባዬ መሃላችን በሦስት ትራስ ተደግፎ ጳጳስ መስሎ ይጠየቃል። እኔ ሾርባና የተቀቀለ ዶሮ አቀርባለሁ፣ እሷ ካልሲ ልሥራለት ብላ ከክሩ ሥር የተጠበሰ የአሳማ ስብ ደብቃ ታስገባለታለች። የነቃሁባት ክሩ ሲወዛ አይቼ ነው።

ሳንባው እንዲከፈት ደግሞ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ በቀጭን ቱቦ እፍ እያለ አረፋ ያውጣ ተብሏል። ሁለት ቀን እየተነጫነጨ አደረገው። በሦስተኛው ቀን ራሱ ጠርሙሱን አምጪ ይለኝ ጀመር፣ ጠዋትም ማታም፣ ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ብቻ የጠርሙሱ ውሃ በየቀኑ ይጎድላል። ብቀምሰው የፕሪም አረቄ። እፍ አይደለም የሚለው፣ ወደ ውስጥ ነው የሚስበው።

ተነስ ስለው ነገ፣ ሳለቅስ ነገ። እንዲህ እያለ ቀኑ ሄደ። በየጠዋቱ ባቱን እዳስሳለሁ፣ ሞቆ ወይም አብጦ እንደሆን፣ እሱ ደግሞ በሬ ልትገዢ ነው እንዴ ይለኛል። እሱ እየቀለደ እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

ያስነሳው ምን መሰለህ? ስላቫችን። እሁድ የቤታችን ጠባቂ የጊዮርጊስ በዓል ነው አይደል። ባለፈው ቅዳሜ የእማዬ ወንድም አጎታችን ሚላዲን መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ የቤቱ ጌታ በስላቫው ቀን እንግዳው እስኪሄድ ቁጭ አይልም፣ አንተ ደግሞ ከአልጋ አልወረድክም፣ ዘንድሮ ባንተ ፈንታ እኔ ልቁምና ላስተናግድ አለው። ለደጉ ነው እንግዲህ። አባዬ ትንሽ አየውና፣ "ያንተ ቤት ጠባቂ ቅዱስ ኒኮላ ነው" አለው። "በኔ ጊዮርጊስ ምን አገባህ?" እና እግሮቹን ከአልጋ አወረደ። እንዲሁ። እኔ በለቅሶ ያቃተኝን።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ብታይ በሳቅ ትሞታለህ። የሆድ ማሰሪያ ቀበቶ በልኩ ስለጠፋ ሁለት አጋጥሜ ሰፋሁለት። እሱን ታጥቆ ግድግዳ እየያዘ እስከ በሩ፣ በማግስቱ እስከ ዶሮ ቤቱ። ባዶ ብርጭቆ ይዞ ለዶሮዎቹ እንኳን ደህና መጣችሁ እያለ ይለማመዳል። ላቡ ይንጠፈጠፋል። ይዞት የነበረው ሳል ጠፋ፣ ፊቱ ቀለም ያዘ፣ መስኮቱንም ራሱ ከፈተው፣ ዴሳንካ አኮረፈች።

ትናንት ግን የቁስሉ የታችኛው ጫፍ ትንሽ ተከፍቶ ፈሳሽ አየሁና ሐኪሟ ጋ ወሰድነው። አጠበችው፣ አላመረቀዘም አለች፣ ስለተራመደም አመሰገነችው፣ እሱ እንደ ተማሪ ደስ አለው። እኔ አፌ አያርፍምና የእሁዱን ነገርኳት። እሷም ቤት ስላቫ አለ፣ ምን እንደሆነ ታውቃለች፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መራመድ ሌላ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ተገትሮ መዋል ሌላ አለችው። ያ ሁሉ ሆድ ስፌቱን ቁልቁል ይጎትተዋል፣ ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀማል፣ ስፌቱ ከተበጠሰ እንደገና መቅደድ ነው፣ ሁለተኛውን ልቡ ይችለው አይችለው እሷም አታውቅም።

"አቶ ቡዲሚር፣ ሻማውን ቆመው ያብሩ፣ ዳቦውን ቆመው ይቁረሱ፣ ከዚያ ይቀመጡ" አለችው። "የሚቆምልዎት ወንድ ልጅ የለዎትም?"

አባዬ የጃኬቱን ቁልፍ ቆለፈ። "አለኝ" አለ። "ሰው አገር፣ ሊንዝ ነው።"

ራዲሻ፣ ለፋሲካ ያ ሁሉ ሰው ገበታ ላይ ተቀምጦ ይሄ ሆድ ይገድልሃል ያልከውን እሱ አልረሳም፣ ከቤቴ ውጣ ያለህንም አንተ አልረሳህም። ትክክል ነበርክ፣ ሐኪሟም ያንኑ ነው ያለችው፣ እሷ ግን በእንግዳ ፊት አላለችውም። አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ኮሳና ነገረችኝ እንዳትል። ትናንት ከመጣን በኋላ አባዬ፣ ቶዛ ቅዳሜ ከሊንዝ ስንት ሰዓት ይገባል ብሎ ጠየቀኝ። ለምን ስለው የአሳማ መድኃኒት ልኬበት ነው አለኝ። አሳማዎቹን እኮ በነሐሴ ሸጠናቸዋል።

ነገ አመሻሽ ላይ ሚላዲንና ዴሳንካ የእሁዱን ሥራ ሊያከፋፍሉን ይመጣሉ። አባዬ በነሱ ፊት ብቻዬን እቆማለሁ ካለ አለቀ፣ ሰው ፊት ያለውን እንደማያጥፍ ታውቃለህ፣ ቆሞ ይውላል፣ ቆሞም ይሞትብኛል። እኔ ልቁምልህ ብዬው ነበር፣ ጉንጬን ቆንጥጦ ሳቀ። ካንተ በቀር እንግዳ የሚቀበልበትን ብርጭቆ ለማንም አያስረክብም።

ቶዛ ቅዳሜ ይመለሳል፣ ከፊት፣ ከሱ ጎን ቦታ አስይዤልሃለሁ። አለቃህ ካልለቀቀህ ደግሞ እሺ፣ ብቻ ደውል፣ ለኔ ሳይሆን ለሱ። እንዴት ነህ አትበለው፣ ይቆጣል። ስለ ሆዱም አታንሳ። "አባዬ፣ ሻማውን አንተ አብራ፣ ብርጭቆውን እኔ እይዛለሁ" በለው፣ እሱ ይበቃዋል። ስልኩን ጎኑ አስቀምጬ ኩሽና እገባለሁ፣ አልሰማችሁም።

ጊዮርጊስ ከማሽኑ እጅህን ይጠብቅልኝ፣ ያለቃህን ልብ ያራራልህ፣ መንገዱን ከበረዶ ያጽዳልህ፣ እማዬም ካለችበት ትይህ። ቶዛ ነገ ጠዋት ነው ይሄን የሚሰጥህ፣ እዚህ ደግሞ ቀኑ አጥሯል፣ አሥር ሰዓት ካለፈ ይጨልማል፣ እነሱም ያኔ ይመጣሉ። እባክህ ራዲሻዬ፣ ሳይመሽ ደውልለት።

እህትህ ኮሳና