በአንድ ኮከብ የተፈረደብኝ ሞት

ቀን፦ 12/03/2017 ዓ.ም.

ለቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በኢንተርኔት የተመልካች ኮከብ ምክንያት የምጫወታት ገጸ ባሕርይ እንድትሞት የተላለፈው ውሳኔ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በእሑድ ምሽቱ የቤተሰብ ተከታታይ ድራማ ምራቷን የምታንገላታውን አማት ሆኜ የምሠራው ተዋናይት እኔ ነኝ። ጊዜዎን የምሻማው ቢቸግረኝ ነው። ባለፈው ስብሰባ ድራማችን በኢንተርኔት ከአምስት ኮከብ ሁለት እንኳ እንዳልሞላ ገልጸው፣ ጥፋቱን በአማቲቱ ላይ አድርገው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቀረጻ ከደረጃ ወድቃ እንድትሞት አዝዘዋል። የልብስ ክፍል ባለሙያዋም የመሞቻ ቀሚሴን ልክ ወስዳለች። እኔም ቆሜ አስለካሁ፤ ምን ላድርግ?

1. ኮከቡ ሥራችንን አይለካም። ምራቲቱን ከነሻንጣዋ ያባረርኩበት ክፍል በተላለፈ ማግስት አንድ ኮከብ እንደ ዝናብ ወረደብን። ጥርሴን ታምሜ አልጋ ላይ ሳቃስት የታየሁ ጊዜ ግን አምስት አምስቱ ጎረፈ፤ ከሥሩም “እሰይ! ገና ምን አይታ” የሚል ተጽፏል። ደራሲው ያው፣ የመብራት ሥራው ያው፣ እኔም ያው። ተመልካቹ የሚፈርደው በድራማው ላይ ሳይሆን በአማቲቱ ላይ ነው። ዱላ ቢደርስለት በዱላ ይለኝ ነበር፤ እጁ ላይ ያለው ኮከብ ስለሆነ በኮከብ ይለኛል።

2. የሰፈሬ አትክልት ሻጭ ቲማቲም አልሸጥልሽም ካለችኝ ሰንብታለች። መጀመሪያ ልጅቷን ወደ ቤቷ መልሺ ነው የምትለው። እንጀራዬ ነው እኮ ብላት፣ እንግዲያው ክፋቱን ቀንሰሽ ብዪ አለችኝ። አንድ ኮከብ መስጠቷንም ፊት ለፊት ነግራኛለች። ይህችው ሴት እሑድ እሑድ ድራማው እንዳያመልጣት ሱቋን ከሁሉ ቀድማ ትዘጋለች።

3. የጣቢያችን አዲሱ ኮሜዲ የመጀመሪያው ክፍል እንኳ ሳይተላለፍ አምስት ኮከብ ሞልቶለት ነበር። ያልታየውን ማን አይቶ መሰከረ? የእኛም ፕሮዳክሽን ማናጀር በየዘመዶቻችን ስም እየገባን አምስት እንድንሞላ መክሮን ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። እንዲህ ከሆነማ ክቡርነትዎ የሚያወዳድሩት ድራማ ሳይሆን የዘመድ ብዛት ነው።

4. አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልናገር። በዚያው ስብሰባ “የአንዲት የተከበሩ ተመልካች አስተያየት” ብለው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያነበቡት ነበር፦ “ይህቺ ሴትዮ አሳዳጊ የበደላት ናት። እሷን ያየሁበትን ዓይኔን ልታጠብ።” ሰው ሁሉ ሳቀ። ዓይኔን ልታጠብ የሚል ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ልጅ ሳለሁ ያላነጠፍኩትን አልጋ ባየች ቁጥር እናቴ የምትለው ነው።

ከስብሰባው በቀጥታ እናቴ ቤት ሄድኩ። አልካደችም። እሷ እየነገረቻት ስልኩ ላይ የጻፈችው እህቴ ናት። ታዲያ አሳዳጊዬ ማን ሆነና ነው እማዬ ብላት፣ “እኔ እንደዚያ አድርጌ አላሳደግኩሽም። አንዷንም ኮከብ የሰጠሁሽ ልጄ ስለሆንሽ ነው” አለችኝ። ድራማው አስጠልቷት እንደሆነ ጠየቅኋት። ባይጥመኝ ምን ጎለተኝ አለች። እውነቷን ነው፤ እሑድ ማታ እኔ ራሴ ብደውል ስልክ አታነሣም፤ እኔን እያየች ነዋ!

ክቡር ኃላፊ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በር አንኳኩታ፣ ስኳር ተበድራ የምትወጣ ጎረቤት ሆኜ ስሠራ ኖሬአለሁ። ሙሉ ሰው የሆነች ገጸ ባሕርይ ያገኘሁት ገና አሁን ነው። ሰው እስኪጠላኝ ድረስ ሠራኋት። ሥራዬን አሳምሬ በሠራሁ ሥራዬን ልቀማ ነው? ይህ የሚያናድድ ነገር ነው፤ በትሕትና ልጽፈው ብሞክርም ንዴቱ አልወጣልኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቀረጻው ይቆየኝ። አማቲቱን ከመግደልዎ በፊት አንድ ኮከብ ከሰጡት መካከል ጥቂቶቹን ያስጠሩና፣ እሑድ ማታ የት እንደሚያመሹ ይጠይቋቸው። አላይም የሚል ካገኙ ራሴ ከደረጃው ላይ እወድቅልዎታለሁ።

እናቴን በተመለከተ አንድ ነገር ቀረኝ። አማቲቱ በሚቀጥለው ሳምንት እንደምትሞት ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን “ማን ገደላት?” አለችኝ። አንድ ኮከብ የሰጡት ሰዎች ናቸው አልኳት። ወዲያውኑ እህቴን ጠርታ ኮከቧን እንድትቀይርላት አዘዘቻት። እህቴ ደጋግማ ሞከረች፤ ስልኩ ግን አንዴ የተሰጠ አይቀየርም አላት። እናቴ እስካሁን “ዳነች ወይ?” እያለች ትጠይቀኛለች። ስልኩ ኮከቡን አልመልስም ብሏል፤ እርስዎ ግን ሰው ነዎት፣ መመለስ ይችላሉ።

ገና በሕይወት ካለች አማት አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የእሑድ ምሽቱ ድራማ አማት