ምንይሉ ለእህቴ የሸጠላት ካፕሱል

ጥር 6
ገበያው ቀዝቃዛ። ሁለት ጥቅል መጋረጃ ወጣ፣ ሌላው ዳስሶ የሚሄድ ብቻ። ሱንዱስ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ጨርቅ ከምሬበታለሁ... ባዶውን ማየት አልችልም። እህቴ ከሞተች አራት ወሯ።

ከሰዓት አንዲት ነርስ ሱቅ መጣች። ሲስተር ማርያማዊት፣ ከጤና ጣቢያው። ነጋዴው፣ እድሩ፣ መስጊዱና መድኃኒት ቤቶቹ አንድ ላይ ኮሚቴ ሊያቋቁሙ ነው። ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ እየገዛ እንዳይውጥ።
«ሀፍሷ፣ የእህትሽን ሰምቻለሁ። ብትገቢልን?»
እምቢ ልል ነበር። «የትኞቹ መድኃኒት ቤቶች?» አልኳት።
ስትዘረዝር ምንይሉን ጠራችው። አብነት ሰፈር ያለውን።
«እገባለሁ» አልኩ።

ጥር 7
እውነቱን እዚህ ልጻፈው። የገባሁት ለሕዝብ ጤና አይደለም። የዚያን ሰውዬ መድኃኒት ቤት ላስዘጋ ነው።

ሱንዱስን ሽንቷ ባቃጠላት ቁጥር ካፕሱል ሸጠላት። ያለ ወረቀት፣ ያለ ምርመራ። አንዴ አምስት ፍሬ፣ አንዴ ስድስት። ሲሻላት ትተወዋለች፣ ሲመለስባት እንደገና ይሸጥላታል። ዓመት ሙሉ! በመጨረሻ ኩላሊቷን ያዛት፣ ከዚያ ደሟ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ የላቦራቶሪውን ወረቀት ይዞ «ተህዋሱ መድኃኒቶቹን ተላምዷቸዋል፣ የሚሠራ አጣን» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ምንይሉ ለቅሶ መጥቶ እጄን ጨበጠ። «አላህ ያጽናሽ።» እኔም እጄን ሰጠሁት...

ጥር 19
የመጀመሪያው ስብሰባ፣ በእድሩ አዳራሽ። ምንይሉ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ማርያማዊት በተናገረች ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። «ያለ ሐኪም ወረቀት አንሸጥም» የሚለው ላይ ፈረመ። እስክሪብቶ አጥቶ የኔን ሰጠሁት። ፈርም፣ አልኩ በሆዴ። ፈርምልኝ።

የካቲት 3
ከጎናችን አንሶላ የምትሸጠውን ጫልቱን ወደ ምንይሉ ላክኋት። «ጉሮሮዬን አሞኛል» ብላ አሞክሳሲሊን ገዛች። ማነሽ፣ ምንሽን ነው፣ አላላትም። እሽጉ ላይ ቀኑን ጽፌ ቆለፍኩበት።

የካቲት 8
ዛሬም ሸጠላት። ጫልቱ «ሰውዬው ደግ ነው እኮ፣ መዋጫ ውሃ ሰጠኝ» አለችኝ። ሁለተኛውንም እሽግ ቆለፍኩበት።

የካቲት 16
ሦስተኛው።

የካቲት 17
ስብሰባው እስኪደርስ መታገሥ ነበረብኝ። አልቻልኩም። ፊቱን ማየት ፈለግሁ፣ ለብቻዬ። መድኃኒት ቤቱ ሄጄ ሦስቱን እሽጎች ባንኮኒው ላይ ደረደርኳቸው።

ፊቱ ሲለዋወጥ... ወላሂ፣ ጣፈጠኝ።

«ጥፋቴ ነው» አለ። እሽጎቹን አንድ በአንድ ገለበጣቸውና፣ «ሀፍሷ፣ ጳጉሜ ላይ የደወልሽልኝ ትዝ ይልሻል? የእንቁጣጣሽ ገበያ ነው፣ ሐኪም ቤት ተሰልፋ መዋል አትችልም፣ ያንኑ ይስጡልኝ አላልሽም?»

ብዬ ነበር።

«እምቢ ማለት ነበረብኝ» አለ።

አዎ፣ ነበረበት! እኔስ? እሽጎቹን ሰብስቤ ወጣሁ። እስከ ሶማሌ ተራ፣ እስከ ሱቄ፣ በየት በኩል እንደመጣሁ አላውቅም።

የካቲት 20
ሱቅ አልከፈትኩም።

የካቲት 23
ለማርያማዊት ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ታዲያ ዝም ልትይው ነው?» አለች ብቻ።
ዝም? እኔ ዝም ካልኩ እሱም ይተርፋል። አይተርፍም።

መጋቢት 2
ስብሰባው ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ክፍት ነው፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እናቴ ሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። አልነገርኳትም... እንዴት ብዬ?

ማይኩን ያዝኩ። «ሱንዱስን ሐኪም ቤት እንዳትሄድ ያደረግኋት እኔ ነኝ» አልኩ። «ለገበያ ብዬ። ካፕሱሉን ስጧት ብዬ የደወልኩት እኔ ነኝ።» እናቴን አላየሁም። ማየት ፈራሁ።

ከዚያ ወደሱ ዞርኩ። «ጋሼ ምንይሉ፣ የቀረውን እርስዎ ይንገሯቸው።» እሽጎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ተነሳ። ከዚያ ተናገረ። ለእህቴ ስንት ጊዜ እንደሸጠ፣ ከፈረመ በኋላም ለጫልቱ መሸጡን፣ ሁሉንም። አላዘንኩለትም። አንድ አባት ተነስተው «ለልጄም ሸጠህለታል!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ ተናወጠ። የእድሩ ሽማግሌዎች ከኮሚቴው አስወጡት፣ እሽጎቹም ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲሰጡ ወሰኑ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ጫማዋን አወለቀች፣ ወደ ክፍሏ ገባች።

መጋቢት 11
መድኃኒት ቤቱ ታሸገ። አብነት ሄጄ በዓይኔ አየሁ፣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ደስ አይልሽም ያሉኝ ነበሩ። ደስ አለኝ። ለራሴ አልዋሽም።

እናቴ እስካሁን አታናግረኝም።

በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት መጣች። እጇ ላይ ያለቀ የካፕሱል እሽግ። «ተዘጋ እንዴ? ይሄንን የት አገኛለሁ?» ሐኪም አይቶሻል ወይ አልኳት።
«አንቺን ምን አገባሽ?»
ነገርኳት። የእህቴን፣ የስልኩን፣ የእናቴን። መንገድ ዳር ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ እሽጉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ጤና ጣቢያው በየት በኩል ነው?» አለችኝ።
አብረን ሄድን።