ስለ ሦስቱ ሸራዎችና ስለ ፈሪሃ

ለተከበሩ አቶ አህመዲን
የአባያ የወጣቶች ስፖርት ክለብ ሊቀመንበር
መንሱራ፣ ሪያድ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደርበው፣ በሙያዬ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻን፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ የክለባችን የዊንድሰርፊንግ አሠልጣኝ ነኝ። ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በነፋስ ጉልበት ውኃ ላይ መንሸራተትን በልጅነቴ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ተምሬ፣ እዚህ ላሉ አሥራ አንድ ልጆች በዕረፍት ቀኖቼ ሳስተምር ቆይቻለሁ። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግኩት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ጠረጴዛዎ ላይ መንገድ ስለጠፋባቸው ነው። ምስጋናዬንም በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፣ ስለ ጂኦግራፊ ትምህርትዎ አመሰግናለሁ። በጥር ወር ለባሕር ልምምድ የሚሆን ደብዳቤ እንዲፈርሙልን ስለምንዎ፣ ከስልክዎ ቀና ሳይሉ «ወንድሜ፣ ሪያድ እኮ ባሕር የላትም» አሉኝ። እውነትዎን ነው። ይህን ስለምናውቅም ነበር ሰሌዳችንን በክለቡ ጓሮ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ አስቀምጠን፣ አቧራ በተሸከመ ነፋስ ሸራ መያዝ የተለማመድነው። የሠፈሩ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው «መጅኑን! እብዶች!» እያሉ ሲስቁብን፣ ልጆቼ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ክንዳቸው እስኪዝል ይቆሙ ነበር። ባሕሩ ወደ ምሥራቅ የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ እዚያ ያለው የባሕር ክለብ ግን ውኃው ላይ የሚያስወርደው የመጣበት ክለብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የያዘን ሰው ብቻ ነው። የለመንኩዎ ያቺን ማኅተም ነበር።

፪ኛ፣ ስለ እንግዳ አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ። ከአገር ቤት ለመጡት እንግዶችዎ ግብዣ ባዘጋጁበት ዕለት ግቢው ፀሐይ ስለበዛበት፣ ሦስቱን ሸራዎቻችንን ከመጋዘን አስወጥተው ዳስ አሠሩባቸው። የሁሉም ጠርዝ በሚስማር ተበሳ፤ ሁለቱ ምሰሶ እንዲያሳልፉ መሐላቸው በመቀስ ተቀደደ። ዘበኛችንን ጥላሁንን «እንዴት ዝም ትላለህ?» ስለው «ጋሽ ደርበው፣ ጨርቅ ነው ተባልኩ» አለኝና አንገቱን ደፋ። እርሱ እንኳ አፍሯል።

፫ኛው ስለ ሰው ስለሆነ ማሳጠር አልሆነልኝም።

ፈሪሃ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሹፌር የሆነው የሰዒድ ልጅ፣ እዚሁ ሪያድ ነሲም ሠፈር ተወልዳ ያደገች፣ በዕድሜዋ ባሕር አይታ የማታውቅ ልጅ ናት። ከአሥራ አንዱ መካከል ነፋስ ሳይመታት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ የምታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች፤ ይህ ደግሞ አይሠለጥንም፣ ይዘውት ይወለዳሉ። ሸራዎቹ በተቀደዱበት ሳምንት የአባቷ አሠሪ፣ ከፊሉ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ኢቃማውን አላድስም ስላለ፣ ለቤተሰቡ በሙሉ ኹሩጅ፣ የመጨረሻው መውጫ፣ ተመታላቸው። ሰዒድ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ማክሰኞ ወደ ወሎ እንገባለን። ነፃ የምንሆንበት ቀን ቅዳሜ ብቻ ነው። እዚያ ደጋ ነው፣ ባሕር የት አባቷ ታገኛለች? ሳትሞክረው ከሄደች ዕድሜ ልኳን በኔ ታዝናለች» አለኝ።

የተረፈውን አንድ ሸራ ይዤ ዲራ ገበያ ወደሚገኝ ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ቀዳዳዎቹን አገላብጦ አይቶ ራሱን ነቀነቀና ጠጋገነልኝ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሰዒድ፣ ፈሪሃና እኔ ሰሌዳውን መኪናዬ ጣሪያ ላይ አስረን ተነሣን። የባሕር ክለቡ ኃላፊ ትሑት ሰው ነው፤ ውኃ ጋበዘን፣ ከዚያም ደብዳቤውን ጠየቀን። አራት ጊዜ ደወልኩልዎ። በአምስተኛው የጽሑፍ መልእክት ላኩልኝ፦ «ስብሰባ ላይ ነኝ። እሑድ ቢሮ ይምጡ»። ሰውየውም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀን፣ «ያለ ወረቀት አልችልም፣ ኸላስ፣ አበቃ» አለን።

ሰሌዳውን ከጣሪያው ሳናወርድ፣ ሰው ሁሉ ወደሚዝናናበት፣ ሰሌዳ ግን ወደማይፈቀድበት ዳርቻ ሄድን። ፈሪሃ ጫማዋን አውልቃ እስከ ጉልበቷ ገባች። ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ ሁለት ባዶ እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ብዙ ቆየች። አባቷ ፊቱን ወደ መኪኖቹ አዞረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነፋስ ይወስደኝ ነበር?» አለችኝ።

«ይወስድሽ ነበር፣ ልጄ» አልኳት።

ስንመለስ አራቱንም ሰዓት የመኪናውን መስኮት ከፍታ ተቀመጠች፤ ማናችንም ዝጊው አላልናትም። ማክሰኞ ሄደች። ከቀሩት አሥር ልጆች አሁን የሚመጡት ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ተቀምጠው ስልካቸውን ነካክተው ይሄዳሉ። እንዲቆሙ ለማዘዝ ድፍረቱን አጥቻለሁና ሥልጠናውን ትቻለሁ፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ስብሰባዎችዎ እንዲረዝሙ፣ ማኅተምዎ ከመሳቢያው ወጥቶ ብርድ እንዳይመታው፣ ወንበርዎም ከእርስዎ በቀር ሌላ ሰው እንዳያውቅ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የቀድሞው አሠልጣኝዎ
ደርበው

ማስታወሻ፦ ትናንት የወጣው የክለቡ ዓመታዊ መጽሔት ደርሶኝ አየሁት። ገጽ ሰባት ላይ «ከስኬቶቻችን አንዱ» ተብሎ የልጆቹ ፎቶ ወጥቷል። ከፊት ቆማ የምትስቀው ልጅ «ፈትያ» ተብላለች። ስሟ ፈሪሃ ነው። እርሱን ለማረም እንኳ ማኅተም አያስፈልግም።