የይታይሽ ጉልበት

ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ወረታ

የቁሐር ሚካኤሉ መሪጌታ የስምንት ዓመት ልጃቸውን ይታይሽን አዝለው ጤና ጣቢያችን መጡ። ጀርባዋን ያማታል፤ እግሯም ይከዳት ጀምሯል። ጉልበቷን በትንሿ መዶሻ መታ ባደርገው እግሯ ተስፈንጥሮ፣ ጎንበስ ብለው ያዩ የነበሩትን የአባቷን ጥምጥም ጣለው።

"ይኸን ያህል የምትራገጥ ልጅ ምን ሆነች ትለኛለህ?" አሉኝ።

"ያሰጋኝ መራገጧ ነው፣ የኔታ። የጀርባ አጥንቷ ውስጥ ዕጢ ሳይኖር አይቀርም። ነገውኑ ጎንደር ይውሰዷት።"

"መጀመሪያ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ላስነክራት።"

ይታይሽ "ጋሼ፣ የአባባንም ይምቱልኝ" አለች።

ጉልበታቸውን መታሁት። እግራቸው ትንሽ ብቻ ነቅነቅ አለ።

"እኔንም ልትልከኝ ነው?" አሉ ደንገጥ ብለው።

"የለም፣ የጤነኛ ሰው እንዲህ ነው።"

ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ የጎንደር መኪና በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ጠየቁኝ። ትድን እንደሆነ አልጠየቁኝም።