ጭስ ይቀንሱ

ውድ ካፒቴን ጌራሲሞስ፣

ለመሆኑ አንድ ጊዜ እንኳ በሰዓቱ መድረስ ይህን ያህል ይከብዳል? ጤናዎን ሳልጠይቅ በዚህ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ፤ ሊቨርፑል ወደብ ላይ ቆሞ እርስዎን መጠበቅ ግን ሰልችቶኛል።

የአጃቢዋ የጦር መርከብ የ«ዴዚ» ምልክት ሰጪ፣ ዴንዚል ነኝ። የጦር መርከብን በሜዳ አበባ ስም የጠራው ሰውዬ ጠላትን በሳቅ ሊገድል አስቦ እንደሁ አላውቅም። ትንሽ ነበረች፤ ማዕበል ሲነሳ ሾርባችንን ከግድግዳው ላይ ነበር የምንለቅመው። ሥራችን ከጭነት መርከቦቹ ኋላ እየሄድን መጠበቅና ዘገምተኛውን መንዳት ነው። ዘገምተኛዋ ደግሞ ሁልጊዜ የእርስዎ አሮጊት መርከብ፣ «ኤፍሮሲኒ» ነበረች። መዘግየቷስ ባልከፋ፤ ጭሷ! የጠላት ባሕር ሰርጓጅ ከአድማስ ማዶ ሆኖ ሁላችንንም በእርስዎ ጭስ ሊያገኘን ነው።

«ጭስ ይቀንሱ።» ይህን በመብራት ብልጭታ ስልክልዎ ጣቴ ተላጠ። የእርስዎስ መልስ?

«ልጄ፣ ከሰሉን የሰጠኝ መንግሥትህ ነው። እሱን ቀንስ በለው።»

«ፍጥነት ይጨምሩ» ስልዎ ደግሞ፣ «አንተ እናትህን ታስሮጣለህ?»

አዛዣችን ሚስተር ሃጋርት ይህን ሲያነቡ ቆባቸውን ባሕር ውስጥ ወረወሩ። ያለቻቸው እሷው ብቻ ነበረች። «ይህን ሰውዬ ጠላት ካልገደለው እኔ እገድለዋለሁ!» አሉ።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። የባሕር ሰርጓጁ ቶርፒዶ እርስዎን ትቶ እኛን መታን። «ዴዚ» ለመስጠም ሻይ የሚፈላበትን ያህል እንኳ አልቆየችም። የቀሩት መርከቦች ጥለውን ሄዱ። የተመታን ለማንሳት መቆም ክልክል ነው፤ ትእዛዙን በየመርከቡ ያስተላለፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ጥቁር ዘይት እየተፋን ጀርባቸው ሲርቅ አየን። ሚስተር ሃጋርትና እኔ አንድ ሳንቃ ይዘናል።

«ዴንዚል፣ ያ ምንድን ነው?»

«ጭስ ነው ጌታዬ።»

«የማን?»

እንዲህ የሚያጨስ በዚህ ውቅያኖስ ላይ ሌላ ማን አለ?

እንደ ልማድዎ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ትእዛዙን ጥሰው ቆሙ። በገመዱ መሰላል ስንንጠላጠል ከላይ ሆነው ያሉንን ያስታውሳሉ? «እንዲህ ተጣድፋችሁ የት ልትደርሱ ነበር?»

ሚስተር ሃጋርት ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ «ካፒቴን… ጭስዎ በዝቷል» አሉ። እርስዎ ቆብዎን አውልቀው ራሳቸው ላይ ደፉላቸው።

እዚሁ ሊቨርፑል አውርደውን ስንለያይ፣ «በሚቀጥለው ስመጣ የቦሎቄ ሾርባ እሠራልሃለሁ፤ ብትቀር ወዮልህ!» አሉኝ። እኔ አልቀረሁም። አብረውዎት የተነሱት መርከቦች ግን ጭነታቸውን አራግፈው ተመልሰው ሄዱ፤ እርስዎ የሉም። የወደቡ ጸሐፊ «ጠፍተዋል» ሲለኝ ተጣላሁት።

«አልጠፉም፣ ዘግይተው ነው! ልዩነቱን አታውቅም?»

«ወንድሜ፣ ወር አለፋቸው እኮ።»

«አንተ እሳቸውን አታውቃቸውም!»

ይህን ለወኪልዎ እተወዋለሁ፤ ሲደርሱ ይሰጥዎታል። እኔ ነገ በሌላ መርከብ እወጣለሁ፤ የእሷ ስም ደግሞ ከ«ዴዚ» የባሰ አበባ ነው። እንደ ድሮው ከሁሉ ኋላ ነን። ዓይኔን ከአድማሱ አላነሳም። እስከዛሬ ያስተላለፍኩልዎን ትእዛዝ ሁሉ ሰርዣለሁ።

ካፒቴን፣ በፈጠረዎት አምላክ፣ ጭስ ይጨምሩ።

የእርስዎው ምልክት ሰጪ፣
ዴንዚል