ከአትላንቲክ ሲቲ የመጣ ድንጋይ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ክፍሌ፤ አረርቲ።

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ ከክረምቱ ጋር እንዴት ሆነ? ያ ግራ ጆሮዎስ ከስልክ ጋር እንደተጣላ ነው ወይስ ታርቋል? በሬዎቹ፣ ማሳው፣ የጎረቤቱ ሁሉ ጤና እንዴት ነው? እህቴ እልፍነሽስ ልጇን በሰላም ክርስትና አስነሳች? እኛም ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን ብዬ እንደ ልማዱ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለንም። በሕይወት ግን ሁላችንም አለን። ይህን አስቀድመው ይያዙልኝና ተቀምጠው ያንብቡ።

ስልክ ያልደወልኩት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እርስዎ ጋ ስደውል መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ ሃሎ ሃሎ ከማለት አያልፉም። ሁለተኛ፣ የምንኖርበት ቤት ጠባብ ስለሆነ የተናገርኩት ሁሉ እማዬ ጆሮ ይገባል። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው አብዱልቃድር ሰሞኑን ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ታማኝ ሰው ነው፤ አያነበውም።

ጉዳዩ ይህ ነው። እማዬ አታናግረኝም። ኩርፊያ ብቻ ቢሆን የለመድኩት ነው፤ እርስዎም ያውቁታል። ይህ ግን ሌላ ነው። ከሐምሌ ወዲህ ከእጄ ምግብ አትቀበልም። ፍልሰታ ሲፈታ ያጎረስኳትን ከአፏ ሳታደርስ ወደ ሳህኑ መለሰችው። ሚስቴ ሩሀማም ልጄ ሊዮም እያዩ ነው ይህን ያደረገችው። በዚህ ዓለም የምትሰማው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ የስንቱን ጠብ እንደ ገላገለ ሽማግሌ እንጂ እንደ አባት አይስሙኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው ልንገርዎት።

ወንድሜ ብሩኬ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ ወዲህ እማዬ በዓይኗ አላየችውም ነበር። እኔ ካናዳ ካመጣኋት በኋላም ዛሬ እመጣለሁ፣ ነገ እመጣለሁ እያለ ዓመታቱን በላቸው። የካናዳ ፓስፖርቷን ስትቀበል፣ እሱ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ ብላ ቁጭ አለች። ብሩኬ የሚኖረው አትላንቲክ ሲቲ በምትባል የባሕር ዳር የቁማር ከተማ ነው። ከቶሮንቶ ወደዚያ ቁማርተኞች ጭኖ የሚመላለስ ባስ አለ። እናም አባባ፣ ኪዳን የማታስታጉለዋ ሚስትዎ ቁማር ሊጫወቱ ከሚሄዱ የጃማይካና የቻይና አሮጊቶች መሀል ተቀምጣ፣ ብርቱካን እየላጡላት፣ ውዳሴ ማርያሟን እየደገመች ከእኔ ጋር ሄደች። ድንበር ላይ ፖሊሱ የምትሄድበትን ምክንያት ሲጠይቃት ልጄን ላመጣ ነው አለች። እኔ ግን ለጉብኝት ነው ብዬ ተረጎምኩላት።

ከተማዋን ልንገርዎት። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው በኩል ሰማይ የሚነኩ ሆቴሎች፣ በመካከላቸው ደግሞ ዓይን እስኪደክም የሚሄድ የሳንቃ መንገድ አለ። ድንጋይም አስፋልትም የለው፤ ሙሉ በሙሉ ሳንቃ ነው። ከሆቴል ሆቴል የሚያዞሩ፣ የእኛን ሀገር ሚኒባስ የመሰሉ ትንንሽ አውቶቡሶች አሉ። እማዬ ወያላ የሌለው ታክሲ አየሁ ብላ በጣም ተገረመች። ሳንቃው ላይ ደግሞ ሰው የሚጓዘው ጥላ በተዘረጋላቸው፣ ጎማ ባላቸው የሸምበቆ ወንበሮች ነው፤ ከኋላ ሰው ይገፋቸዋል። የብሩኬ ሥራ እሱ ነው። ገፊዎቹ እንደ ታክሲ ተራ ይሰለፋሉ፤ ተራ አስከባሪ ግን የላቸውም።

እኔ ከተማዋን ገና ስገባ ነው የጠላኋት። ከሆቴሉ መኝታ ክፍላችን ወደ ውጭ ለመውጣት በቁማር አዳራሹ መሀል ማለፍ ግድ ነው። መስኮት የለውም፤ ቀንና ሌሊቱ አይለይም፤ ማሽኖቹ እንደ ጫጩት ይንጫጫሉ። እማዬ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ እየተሻገርን ሳለ ሁለት ጥበቃዎች አንድ የሰከረ ሽማግሌ ጎትተው ከመስተዋት በር ጋር አላተሙት። ግንባሩ ተተርትሮ ደሙ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ማሽኗን መንካት እንኳ አላቆመችም። እማዬ ነጠላዋን አውልቃ ደሙን ልትጠርግለት ጎንበስ ስትል አንዱ ጥበቃ በክርኑ ገፋት። እኔም የጥበቃውን እጅ ጠምዝዤ ያዝኩት። እማዬ ተው ባትለኝ ኖሮ ጠቡ በመጀመሪያው ቀን ይጀመር ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል እርስዎ ሁልጊዜ እሱን ረባሹ ብሩኬ፣ እኔን ጨዋው ጸጋአብ ይሉ ነበር። ተሳስተው ኖረዋል።

ብሩኬን ያገኘነው ሥራው ቦታ ነው። እማዬ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል አፈፍ አድርጎ አቀፋትና ሁለቱም ተንሰቀሰቁ። ከስቷል፤ ፂሙን አሳድጓል። ለምን እንደ ጠፋ ሲነግረኝ፣ ብሮ፣ ዲፕረስ አድርጌ ነበር፣ ፌስ ላደርጋት አልቻልኩም አለኝ፤ ከፍቶኝ ፊቷን ማየት አቃተኝ ማለቱ ነው። ያን ምሽት አብረን በላን፤ ሳቅን። በማግስቱ ከተማውን አዞርሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እማዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። የእሱ ወንበር የሰልፉ መጨረሻ ነበር። እሱ ግን እናቴን ልገፋ ነው እንጂ ሥራ ልሠራ አይደለም ብሎ ከሰልፉ ወጥቶ ገፋ። ጥፋት ከተባለ ጥፋቱ ይኸው ነው። እኛ ሀገር እናቱን ለተሸከመ ሰው ተራህን ጠብቅ የሚል የለም። ቶሚ የሚባል፣ ትከሻው በር የሚያህል፣ ተራው የደረሰ ገፊ መጥቶ ከፊቱ ተገተረ። ብሩኬ እናቴ ናት አለው። ቶሚ ሳቀ። ለካ እዚያ ደንበኛ ለመሳብ አሮጊቷን ሁሉ እማ ብለው ነው የሚጠሩት፤ ብሩኬም እንደዚያው። ቶሚ ውሸታም ብሎ ሰደበውና የወንበሩን ጎን በእርግጫ መታው። ወንበሩ ተገለበጠ። እማዬ በግንባሯ ሳንቃው ላይ ወደቀች።

ብሩኬ ሰውየውን በቴስታ ነው የተቀበለው። አፍንጫው ሲሰበር እኔ ከቆምኩበት ተሰማኝ። ተያይዘው ወደቁ፤ ተነሡ፤ ቶሚ ጉሮሮውን ይዞ ከብረት አጥሩ ጋር ደጋግሞ አጋጨው። ብሩኬ ጣቱን ነክሶ አስለቀቀውና በጉልበቱ ሆዱን ብሎ ጣለው። ወንበሩ ሲገለበጥ መግፊያ ብረቱ ተነቅሎ ነበር፤ እሱን አነሣ። እኔ እማዬን ደግፌ ደሟን እየጠረግሁ ነበር። በዙሪያችን ሰው እንደ ገበያ ቆሟል፤ ግን አንድም ገላጋይ የለም። ሁሉም ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። ብሩኬ ብረቱን በሁለት እጁ አንሥቶ የሰውየው ጭንቅላት ላይ ሊያሳርፈው ሲል እማዬ ጮኸች። በአረርቷ ማርያም ይዣችኋለሁ፣ እጃችሁን ሰብስቡ አለች።

የብሩኬ እጅ አየር ላይ ቆመ። አባባ፣ ያሳደጉን እርስዎ ነዎት። ስሟ ተጠርቶበት ያልቆመ እጅ የሰው እጅ አይደለም ያሉን እርስዎ ነዎት። አውድማ ላይ ማጭድዎ ከሰው አንገት ሊያርፍ ሲል ስሟ ቢጠራ እጅዎን የመለሱበትን ቀን ስንቴ አጫውተውናል። ልጅዎ ያንኑ አደረገ። ብረቱን አልወረወረውም፤ ጎንበስ ብሎ ሳንቃው ላይ አስቀመጠው።

ቶሚ ግን አማርኛ አይሰማ፣ አረርቲን አያውቅ። ከተጋደመበት ከኪሱ ሴንጢ አወጣና ብሩኬ ጎንበስ ባለበት ጎኑ ላይ ሰካበት፤ መዝዞ ደግሞ ሰካበት። ብሩኬ አልጮኸም። የተገረመ ሰው ይመስል እማዬን ቀና ብሎ አያትና በጉልበቱ ተንበረከከ።

ብረቱን እኔ አነሣሁት። መጀመሪያ ሴንጢ የያዘውን ክንዱን መታሁ፤ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ። እዚያ ላይ ማብቃት ይገባኝ ነበር፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ማንንም ሊጎዳ አይችልም ነበርና። እማዬም ጸጋአብ፣ በማርያም ይዤሃለሁ አለች። በስሜ ጠርታ ነው፤ ሁለት ጊዜ። ባሕሩ ሲጮህ አልሰማሁም ብል ያምኑኝ ይሆናል። ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው መንጋጋውን የመታሁት፤ ሰምቼ ነው ዓይኑን የመታሁት። ጥርሱ ሳንቃው ላይ ሲበተን አየሁ። የራሴም ጣቶች ብረቱ ላይ ተሰበሩ፤ ጽሕፈቴ የተንጋደደው ለዚያ ነው። ፖሊስ ጀርባዬ ላይ በጉልበቱ እስኪቆም ድረስ አልተውኩም።

ብሩኬን ሁለት ጊዜ ቀደው ጣፊያውን አወጡለት። ሞት ከራስጌው ቁጭ ብሎ ከርሞ ሄደ። እኔን አስረውኝ ቆዩና የተቀረጸው ቪዲዮ ሲታይ ወደ ቤቴ ተመልሼ ለጥቅምት ቀጠሮ እንድቀርብ ለቀቁኝ። ቶሚ አልሞተም፤ አንድ ዓይኑ ግን ጠፍቷል፤ መንጋጋውን በሽቦ አስረውታል። የተኛው እዚያው ብሩኬ ያለበት ሆስፒታል ነበር፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሞበት። እማዬ ግንባሯ ተሰፍቶ፣ የራሷ ልጅ እያጣጣረ፣ እዚያ በር ላይ ሄዳ ትቆም ነበር። አያስገቧትም። አንድ ቀን የቶሚ እናት ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻት። ቋንቋ ለቋንቋ ሳይግባቡ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያለቅሱ እንደነበር ነርሷ ነገረችኝ።

ከዚያ ከተማ ስንወጣ እማዬ ወደ ባሕሩ ወረደች። ማዕበል ለመመከት ከተከመረው ቋጥኝ ሥር አንድ ድንጋይ መርጣ በነጠላዋ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች። ድንበር ላይ ፖሊሱ አገላብጦ አይቶት ምንድነው ሲለኝ ማስታወሻ ነው አልኩት። ድንጋዩ አሁን በራችን ሥር፣ ጫማ ከምናወልቅበት አጠገብ ተቀምጧል። ትርጉሙን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንገቴ ላይ ተሸክሜው ቶሚ እግር ላይ እንድወድቅ ትፈልጋለች። ጠበቃዬ አጠገቡ ከደረስክ መልሰው ያስሩሃል ብሎኛል፤ ዳኛውም ከልክሏል። ይህን በሩሀማ በኩል ሳስነግራት፣ ዳኛው የሚዳኘው ሰው መምታቱን ነው፣ እኔ የምለው የማርያምን ስም መርገጡን ነው አለች። 

ብሩኬን ይዘነው መጥተናል፤ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝቶ እያገገመ ነው። እማዬ በእጇ ታጎርሰዋለች። ከሥራ ስገባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ብሩኬ እንኳ፣ እማ፣ ስቶፕ አድርጊ፣ ለእኔ ብሎ ነው ሲላት፣ አንተ ቆመህ ተወጋህ፣ እሱ ሳይቆም ጤነኛ ነው፣ ለየትኛችሁ ላልቅስ አለችው። እውነቱን ልንገርዎት አባባ፤ ስለ ቶሚ ዓይን ሳስብ አላዝንም። ወንድሜን ሁለት ጊዜ ሲወጋው አይቻለሁ። ስለ እማዬ ግን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ በጣቴ ቆሜ ነው የምሄደው።

እንግዲህ ይፍረዱ። ተሸከም ካሉኝ ዳኛው ሲፈቅድልኝ እሸከማለሁ፤ ለቶሚ ብዬ ሳይሆን ለእሷ። ተወው ካሉም ቃልዎን ለእሷ ይላኩላት። ዝም ብቻ አይበሉኝ፤ የአንዷ ዝምታ በቅቶኛል።

ለእህቴ ለእልፍነሽና ለሕፃኑ ጉንጫቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ለንስሐ አባታችን ለአባ ወልደገብርኤል ጉልበታቸውን እስማለሁ፤ ይህንን ነገር ግን ራስዎ ካላመኑበት አይንገሯቸው። ሩሀማ በጣም ናፍቀውኛል ትላለች። ሊዮ የአያቱን ስም በአማርኛ መጻፍ ተምሯል፤ የወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፎልዎታል። ብሩኬ ቁስሉ ሲሽር አረርቲ መጥቼ ስለቴን አገባለሁ ብሏል። የእማዬን ሰላምታ ሁልጊዜ እየነገረችኝ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ በእሱ እጅ አልልክም አለች። ስለዚህ ከታች ቦታ ትቼላታለሁ። ወረቀቱን ለሩሀማ ሰጥቼ እወጣለሁ፤ እሷው ታሽገዋለች እንጂ መልሼ አላየውም።

ልጅዎ ጸጋአብ ክፍሌ
ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን
ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክፍሌ፣ የምትጽፍልኝ ሩሀማ ናት። እንደምን አለህ። ልጁ የነገረህ ሁሉ ልክ ነው፤ አልዋሸህም። እሱ የማያውቀውን ደግሞ እኔ ልንገርህ። ሰውየውን ሲመታው አፌ ማርያም እያለ ይጮኻል፤ ሆዴ ግን ድገመው፣ ድገመው ይል ነበር። ድንጋዩን ያመጣሁት ለእሱ ብቻ አይደለም። ስትፈርድ ለሁለታችን ፍረድ።
ተናኘ