የፋሲካው እንጉዳይ

ልጄ ኑሀሚን፣ አምላክ እኛን ሰመራ ላይ ከሚያነደን ፀሐይ ቆንጥሮ ለአንቺ ይላክልሽ፤ የሰው አገር ብርድ አይንካሽ። ሁላችንም ደህና ነን። የቢሮዬ ማራገቢያ ግን ዛሬም አልተጠገነም።

አክስትሽ ስንቅነሽ ለሁዳዴ ከአዋሽ መጥታ ነበር። ሥጋ መተውሽን ስነግራት «ታማ ነው ወይስ ሃይማኖቷን ለውጣ?» አለችኝ። ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ ሳትቀምስ የምትጾም ሴት ይህን ስትል ደሜ ፈላ።

በማግስቱ በስልክ ያሳየሽኝን ሠራሁ። የእንጉዳዩን ግንድ አውጥቼ ሆዱን በሽንኩርት፣ በቃሪያና በዳቦ ፍርፋሪ ሞላሁት፤ ዘይት አፈሰስኩበት። ጎረቤታችን ኡሙሀኒ በዳቦ ቤቷ ምድጃ ጋገረችልኝና «ማሻ አላህ» እያለች ሁለት በላች። ስንቅነሽ «የጅብ ጥላ ይበላል እንዴ?» ብላ ፊቷን አዞረች። እኔም ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ትሪውን ባዶ አደረግሁት።

ለፋሲካ ዶሮው ይሠራል፤ ከጎኑ ያንቺ እንጉዳይ ይቀርባል። ቅር የሚለው ካለ ቤቱ ይፈስክ።

እመቤቴ በሄድሽበት ትቅደምልሽ። አደራሽን፣ ለበዓሉ ድረሺልኝ። ስንቅነሽም ለበዓሉ ትመለሳለች፤ ሥጋ ጠቅልላ ላጉርስሽ ብትል እንዳትሳቀቂ፤ አጠገብሽ ተቀምጬ እኔ እጎርስልሻለሁ።

እናትሽ